ደጅ የሚያድር ወንበር

በዚህ ወር የመጡትን ጥያቄዎች ሳገላብጥ ግማሹ ስለ ወንበር ሆኖ አረፈው። ክረምቱ ሲወጣ ሁሌም እንዲህ ነው፣ ሰው ዝናቡ ሲያባራለት ግቢው ውስጥ ዞር ዞር ይልና ትራሱ ሻግቶ፣ ብረቱ ዝጎ፣ ጠረጴዛው በሦስት እግሩ ቆሞ ያገኘዋል፣ ከዛ ለኔ ይጽፋል። እኔ ደሞ እንደምታውቁት ሐዋሳ ላይ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ያከራየሁ ሴት ነኝ እንጂ ኢንጂነር ምናምን አይደለሁም፣ የማውቀው የተሰበረብኝን ነው። እሱም ትንሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ እትዬ ሰላም ነው? ከባለቤቴ ጋር ሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል በኩል ባለ ሦስት መኝታ ቤት ሠርተን ለቤተሰብ በቀን እናከራያለን። ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ዓርብ ማታ ገብተው እሁድ ከሰዓት የሚወጡ ናቸው። ባለፈው ዓመት ፎቶ ላይ ያምራል ብለን ራታን የሚሉትን ሶፋ ከነመስታወት ጠረጴዛው ገዛን፣ ክረምቱን አልተሻገረም። አሁን አንዱ አሉሚኒየም ግዙ ይለናል፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ደግሞ ርካሽ ፕላስቲክ ገዝታችሁ በየዓመቱ ቀይሩ። ብር እንደልብ የለም፣ ቤቱ ውስጥም ከዘበኛው በቀር የሚኖር ሰው የለም። ምን ይሻለናል? (የሐይቅ ዳሯ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው ጣል ያደረግሽው፣ «ከዘበኛው በቀር የሚኖር ሰው የለም» ያልሽውን። ለራስሽ ቤት የሚገዛ ወንበርና ለኪራይ ቤት የሚገዛ ወንበር ለየቅል ነው። የራስሽ ቤት ቢሆን ገና ሰማዩ ሲያጉረመርም ሮጠሽ ትራሱን ታስገቢያለሽ። እንግዳ ግን ከፍሎ ነው የመጣው፣ እርጥብ ፎጣውን መደገፊያው ላይ ያሰጣል፣ ወንበሩን ጎትቶ ውሃው ዳር ጭቃ ላይ ያወርደዋል፣ አምስት ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ያዘልላል፣ እሁድ ቁልፉን ሰጥቶ ይሄዳል። ዘበኛውም ዝናብ ሲመጣ እንደማንም ሰው ይጠለላል እንጂ የትራስ ጠባቂ ተብሎ አልተቀጠረም። ስለዚህ ሱቅ ገብተሽ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ሁለት ነገር አስቢ፣ ይሄ ዕቃ ሦስት ወር ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ደጅ ቢቀመጥ ምን ይሆናል፣ ከተሰበረስ እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ማን በግማሽ ቀን ይጠግንልኛል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለኔ ጠንካራ ዕቃ ማለት እዚህ ሰፈር ያለ በያጅና አናጺ የሚያውቀው ዕቃ ነው፣ ከዛ ውጪ ያለው ሲሰበር ፎቶውን ይዘሽ መርካቶ ለመርካቶ መዞር ነው።

ራታኑስ እኔንም አቃጥሎኛል። ከስድስት ዓመት በፊት ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ባለ ስድስት ወንበር ገዛሁ፣ ሻጩ «ውሃ አይበግረውም» አለኝ፣ አልዋሸም፣ የተሸመነውን ፕላስቲክ አልበገረውም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠና ያሉ አባት ቡናቸውን ይዘው ቁጭ ከማለታቸው የኋላው እግር እጥፍ አለና በጀርባቸው ተንጋለሉ፣ ሳር ላይ ስለነበሩ እግዚአብሔር ይመስገን ከሲኒው ሌላ የተሰበረ የለም። ሰውየው ከኔ ይልቅ አፍረው «ወፍሬ ነው መሰለኝ» ሲሉ እኔ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ማታ ወንበሩን ገልብጬ ከእግሩ ጫፍ ያለችውን ጎማ ስነቅላት ምን ቢወርድ ጥሩ ነው፣ የወፈረ ሻይ የመሰለ ቀይ ውሃ፣ ሲኒ ይሞላል። ዝናቡ በሽመናው መሀል ሰርጎ፣ በየቪቴው ቀዳዳ ብረቱ ቱቦ ውስጥ ገብቶ፣ ወርዶ ወርዶ ጎማዋ ላይ ይጠራቀምና ብረቱን ከውስጥ ሲበላው ከርሟል። ከላይ ስታዪው ግን ትናንት የተገዛ ነው የሚመስለው። የቀሩትን አምስቱን በቁልፍ ጫፍ እግር እግራቸውን ኳ ኳ ሳደርጋቸው ሁለቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ፣ ሦስቱ እንደ ካርቶን ታፈኑ። ሦስቱን ያኑ ማታ ከግቢ አስወጣኋቸው።

ከዛ ወዲህ ወንበር ስገዛ መጀመሪያ የማየው ሆዱን ነው። አንቺም ገልብጪው። ከታች ውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው? ብየዳው ዙሪያውን ተበይዷል ወይስ ነጠብ ነጠብ ተደርጎ በቀለም ተሸፍኗል? ሽመናው ስር ያለው አሉሚኒየም ነው ካሉሽ ደሞ ከተበላሸ ስፒከር ላይ የወጣች ማግኔት ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ሂጂ፣ ከያዘችው ብረት ነው፣ አለቀ። ሻጩ ይቆጣ ይሆናል፣ ይቆጣ።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንምጣ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ስለ ቢች ቤት ዕቃ የምታነቢው ምክር አብዛኛው ለጨዋማ ባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው፣ ጨው ጨው ይላል። የኛ ሐይቅ ደግሞ የሚወጣለት ወንዝ ባይኖርም ውሃው ጨው አይደለም፣ ነፋሱም ጨው አያመጣብሽም፣ ስለዚህ ለጨው ተብሎ የሚከፈለውን ብር እዚህ መክፈል የለብሽም። የኛ ጠላት ፀሐይ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ምስጥ ነው፣ ወፍ ነው። ሐዋሳ ሞቃት ስለሆነች ቆላ ትመስለናለች እንጂ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ቆዳንም ፕላስቲክንም የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ደሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል፣ በዛ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ለባሕር ዳርቻ አምስት ዓመት ይቆያል የተባለ ጨርቅ እዚህ ቀድሞ ቢነጣ አይግረምሽ።

በየዓመቱ ፕላስቲክ ቀይሩ ያለሽ ሰው ግማሽ እውነት አለው። ያ ነጩ፣ ተደራራቢው፣ ለሠርግም ለለቅሶም የሚመጣው ወንበር መጥፎ አይደለም፣ ግን ቀን ተሌት ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደርቃል። አውራ ጣትሽን መደገፊያው ላይ አሸት አድርጊ፣ ጣትሽ ላይ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ከቀረ ፕላስቲኩ እየሞተ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው የኋላ እግሩ መሰንጠቅ ነው። ስምንት አስር ገዝተሽ ስቶር ውስጥ ደርድሪያቸው፣ ቤተሰቡ ሲበዛ ይወጣሉ፣ ሲሄድ ይገባሉ። የበረንዳው ዋና መቀመጫ ግን እነሱ አይሁኑ፣ ፎቶሽንም ያበላሹታል።

በኔ በኩል ብሩን የማውለው እዚህ ላይ ነው፣ መደብ አሠሪ። አዎ፣ ያ የአያቶቻችን ቤት መደብ። በረንዳው ግድግዳ ጥግ ይዘሽ በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍታው 45 ሳንቲ፣ ወርዱ 50 ወይም 55 ሳንቲ አስገንቢው፣ ላዩን ቴራዞ አልብሺው፣ ወደፊት አንድ ሁለት ሳንቲ ዘንበል ይበል ውሃ እንዳይቆምበት። ግንበኛው ዘንበሉን ይረሳል፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ንገሪው፣ ማታ ደግሞ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሺበትና እዩት። ሴራሚክ አትልበሺ፣ እርጥብ ዋና ልብስ ለብሶ የመጣ ልጅ ይንሸራተትበታል። ከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ከሆነ ድንጋዩ ይግላል፣ ስለዚህ ጥላ ያለው ጎን ምረጪ። መደብ ማንም ጎትቶ ጭቃ ውስጥ አይከተውም፣ ሌባ አይሸከመውም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ስምንት ሰው ያስቀምጣል። አንድ ደንበኛዬ ሦስት ሶፋ ሊገዛ ከተነሣበት ብር መደብ ሠርቶ ተርፎት የግቢውን በር ቀለም ቀባበት።

ከመደቡ ፊት ለፊት የሚሆኑትን ስድስት ወንበሮች ደግሞ ሰፈርሽ ያለ ብየዳ ቤት አሠሪ። አጥንቱ ቱቦላሬ፣ ግድግዳው ሁለት ሚሊ የሆነ፣ «አንድ ሚሊም ይበቃል» ካለሽ ለቁም ሳጥን ይበቃል በዪው። መቀመጫውና መደገፊያው የእንጨት ርብራብ፣ በየርብራቡ መሀል አንድ ሳንቲ ክፍተት እየተተወ፣ ዝናቡ እንዲወርድበት። ርብራቡ በምስማር አይመታ፣ በቡሎን ይታሰር፣ አንዱ ሲሰበር አንዱን ብቻ ፈተሽ ትቀይሪያለሽ። ብየዳው ዙሪያውን ይዘጋ፣ እግሩ ጫፍ ላይ ግን ስድስት ሚሊ ቀዳዳ ይብሳልሽ፣ የኔን ሰውዬ ያንጋለለችው ጎማ ታሪክ እንዳይደገም። ቀለም ላይ ሁሉም ይቸኩላል፣ ብረቱ በግራይንደር ተጠርጎ አቧራውና ቅባቱ ሳይጸዳ ቢቀባ በስድስት ወር ውስጥ እንደ ድንች ልጣጭ ይነሣል። አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ በመሀሉ በደንብ ይድረቅ፣ ከዛ ነው ቀለሙ። እኔ አንቲረስቱ ሲቀባ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ ቡናም እዛው አስፈልቼ አውቃለሁ። ጋልቫናይዝድ የሚባለውን፣ ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ካገኛችሁ ይሻላል፣ ግን ብየዳው የነካው ቦታ ላይ ዚንኩ ይቃጠላል፣ እዛች ላይ ዚንክ ቀለም ካልተቀባ ዝገቱ የሚጀምረው ከዛው ነው፣ በያጁም ጭሱ መርዝ ስለሆነ ደጅ ሆኖ ይበይደው።

እንጨቱስ? የሐበሻ ጥድና ዋንዛ ምስጥም ዝናብም ይችላሉ፣ ባሕር ዛፍ ይጣመማል ይሰነጠቃል፣ ዝግባ ለቤት ውስጥ ያምራል ደጅ ግን አይጸናም። «ጥድ ነው» ሲሉሽ የቱ ጥድ ብለሽ ጠይቂ፣ የፈረንጁን ጥድ በሐበሻው ስም የሚሸጥ ሞልቷል። የሐበሻው ልቡ ቀላ ይላል፣ ሲላግ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፣ ድሮም እርሳስ የሚሠራበት እንጨት ነው። የሐበሻ ጥዱም ዋንዛውም ግን ከመንግሥት ደን መቆረጣቸው የተከለከለ ስለሆነ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እኔ የምመርጠው ከፈረሰ የድሮ ቤት የወጣ እንጨት ነው፣ ምስማሩን መንቀል ያሰለቻል እንጂ ሠላሳ አርባ ዓመት ደርቆ ስለተቀመጠ አይጣመምብሽም። እንጨት መሬት አይንካ፣ መሬት የሚነካው የብረቱ እግር ይሁን፣ ምስጥ ብረት አይበላም።

ቫርኒሽ አትቀቢው። አዲስ ሲሆን እንደ መስታወት ያበራል፣ ከዛ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ እንጨቱ ከስሩ ይጠቁራል፣ እሱን ለማስተካከል ደግሞ ጠቅላላውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ መመለስ ነው። የተልባ ዘይት ይሻላል፣ ለእንጨት ተብሎ የተፈላውን፣ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ በጨርቅ ማሸት ነው፣ ዘበኛውም ይችለዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ስቶር ውስጥ እንዳትጥሉት፣ ሲደርቅ ራሱን በራሱ እያጋለ እሳት ይነሣበታል፣ ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት የሚሏችሁም አሉ፣ ለአጥር ግንድ ይሁን፣ የሰው ነጭ ሱሪ ለሚያርፍበት ግን እንዴት ሆኖ።

ትራሱን ቀንሺው። ተራ ስፖንጅ አንዴ ዝናብ ከጠጣ ሦስት ቀን አይደርቅም፣ ከዛ ይሸታል፣ ሪቪው ላይ የሚጻፈውም ሽታው ነው። አምስት ሳንቲ ውፍረት ይበቃል፣ ልብሱ ከታች በኩል ወንፊት የመሰለ ጨርቅ ይሁን ውሃው እንዲንጠባጠብ፣ ዚፕ ይኑረው እንዲታጠብ። ክሩ ሳይፈተል በፊት ከነልቡ ቀለም የገባበት አክሪሊክ ጨርቅ ካገኘሽ ፀሐይ ቶሎ አይነጣውም፣ ከላይ ብቻ የታተመው ግን አበባው በአንድ በጋ ይጠፋል። እኔ ትራሶቼን ከጀርባ ቁጥር ጽፌባቸው ነበር፣ በር አጠገብ አንድ ትልቅ ሳጥን፣ ሳጥኑ ላይ «1 እስከ 8»፣ እንግዳውም ዘበኛውም ያለመነጋገር ይመልሷቸዋል። ለዘበኛው በወር ትንሽ ጨመርኩለት፣ ከአዲስ ትራስ ይረክሳል።

ጠረጴዛው መስታወት አይሁን፣ አንቺም አይተሻል። የኛ ቤተሰብ ሐይቅ ዳር ሲመጣ ምን ያደርጋል? ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ አይጋደምም፣ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ቡና ያስፈላል። ከዛ ከሰል ምድጃው ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። በፕላስቲክ ጠረጴዛዬ ላይ የምድጃ እግር ሦስት ቀዳዳ በስቶ ያውቃል፣ ቅርጹ አሁንም አይኔ ላይ አለ። ስለዚህ ላዩ ቴራዞ ወይም ድንጋይ የሆነ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ አጠገቡ አራት በርጩማ፣ የፀሐይ አልጋ የሚባለውን እርሺው፣ እኔ ሁለት ገዝቼ በዘጠኝ ዓመት የተኛባቸው ድመቴ ናት።

እና አሞራ ገደል አጠገብ ነሽ ካልሽ አይቀር፣ ወንበሮቹን ከማስቀመጥሽ በፊት ቀና ብለሽ ዛፉን እይው። አባ ኮዳ የሚያድርበት ዛፍ ስር ወንበር ማለት በየጠዋቱ ኖራ የተቀባ ወንበር ነው፣ ኩሱ ደግሞ አሲድ ስላለው ቀለም ይበላል፣ ሳይደርቅ በውሃ ካልታጠበ ምልክቱ ይቀራል። ጦጣዎቹም ትራስ ላይ የቀረ የዳቦ ፍርፋሪ ፍለጋ ጨርቁን ይቀዱታል፣ የተጠበሰ ዓሣ ትርፍራፊ ጠረጴዛ ላይ አይደር።

ዋጋ አልጻፍኩልሽም፣ ይሄ እትም ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ደሞ አዳማ ነኝ። ገስት ሀውስ አለን፣ ጣሪያው ላይ ሰው እንዲቀመጥ ብለን አራት ትላልቅ ጃንጥላ ገዛን። ሁለቱ በነፋስ ተገነጠሉ፣ አንዱ ጎረቤት ግቢ ወድቆ ልንካሰስ ነበር። ከባድ የሚባል መቆሚያ የት ነው የሚገኘው? (ነፋስ ያስቸገረው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከከተማህ ዳር ያሉት ነጫጭ ተርባይኖች ለጌጥ የቆሙ መሰለህ? አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት እኮ ጃንጥላህን በሚገነጥለው ነፋስ ነው። መቆሚያ አትፈልግ። ሦስት ሜትር ጃንጥላ ማለት የጀልባ ሸራ ማለት ነው፣ ሃያ ኪሎ ቀርቶ ሃምሳ ኪሎ መቆሚያም ጣሪያ ላይ አያስተማምንም፣ ሰው ቢመታ ደግሞ ክሱ ከጎረቤትህ ግቢ ያልፋል።

አራት የብረት ምሰሶ በጣሪያው ኮለን ላይ አስበይድና በላዩ ላይ የብረት ርብራብ፣ ከርብራቡ ላይ ቀርከሃ ወይም የችግኝ ጣቢያ የሚጠቀሙበት ጥላ መረብ። መረቡ ነፋሱን ያሳልፈዋል፣ አይሸከመውም፣ ልዩነቱ እዛ ላይ ነው። ቆርቆሮ ግን አታልብሰው፣ ተመልሶ ያው ሸራ ነው። ምሰሶው የሚቆምበትን ነጥብ ቤቱን የሠራውን ሰው ሳትጠይቅ እንዳታስበሳ፣ ውሃ ማፍሰስ ይጀምርሃል። የቀሩህን ሁለት ጃንጥላ ታች ግቢ አውርዳቸው፣ መሬት ውስጥ ቱቦ በኮንክሪት አስቀብረህ እሱ ውስጥ ሰካቸው፣ ማታ ማታ ይታጠፉ። ጣሪያው ላይ ፕላስቲክ ወንበርም አይደር፣ ሁለት ሦስት ኪሎ ነገር ነው፣ ይበራል። የብረት መቀመጫ ደሞ የአዳማ ቀትር ላይ ምጣድ ነው የሚሆነው፣ የእንጨት ርብራብ አድርግበት።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ታናሽ እህቴ ሞምባሳ አግብታ ባሕሩ ዳር ለቱሪስት የሚከራይ ትንሽ ቤት አላት። እኔ ሐዋሳ ያሠራሁትን የብረትና የእንጨት ወንበር ፎቶ አይታ ወደደችው፣ መንገዱም በዲላ በሞያሌ ቀጥ ያለ ስለሆነ ስምንት አሠርቼ ልላክላት ወይ? (ወንድም ጋሼ)

መልስ፦ ኧረ አትላክ! እኔ ለሐዋሳ የምለው ሁሉ ሞምባሳ ላይ ይገለበጣል። እዛ ነፋሱ ራሱ ጨው ነው፣ ሌሊት ጨው ያለው ጤዛ ብረቱ ላይ ይተኛል፣ ቀን ይደርቅና ጨውዋ ትቀራለች፣ ማታ እንደገና ትረጥባለች። አንቲረስት ሁለት ጊዜ ብትቀባው በቡሎኑ ቀዳዳ ገብቶ ይጀምርሃል፣ ዓመት ሳይሞላው እህትህ ደውላ ትወቅስሃለች።

እዛ የሚሻለው እንዲህ ነው። በዱቄት ቀለም በምድጃ የተጋገረ አሉሚኒየም ጥሩ ነው፣ ቀለሙ ከተፋቀ ግን በዛው ነጥብ እየተቦረቦረ ይሄዳል። ቡሎኖቹ ተራ ብረት ከሆኑ ሁለቱ ማዕድን በጨው ውሃ መሀል ሲገናኙ እንደ ባትሪ ስለሚሠሩ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ስለዚህ ስቴይንለስ ቡሎን ከፕላስቲክ ቀለበት ጋር። ስቴይንለስ ስትገዛ ደግሞ ቁጥሩን ትጠይቅ፣ 304 የሚባለው ለኩሽና ነው፣ ባሕር ዳር ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። 316 የሚባለው ሞሊብዲነም ስላለበት ጨውን በተሻለ ይቋቋማል፣ ዋጋውም በዛው ልክ ይወደዳል። ከእንጨት ቲክ የሚባለው በተፈጥሮው ቅባት ስላለው ሳይቀባም ይኖራል፣ ከጊዜ ብዛት ብርማ ግራጫ ይሆናል፣ ያ መበላሸት አይደለም፣ ብዙ ቱሪስት እንደውም ይወደዋል። ከተፈጨ ፕላስቲክ የሚሠራ ጣውላም ኬንያ ውስጥ ይገኛል፣ ከባድ ነው፣ ምስጥም ጨውም አያውቀውም፣ ፀሐይ ላይ ሲግል ግን ትንሽ ስለሚለሳለስ ረጅም አግዳሚ ከሆነ ከመሀል ድጋፍ ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ግን ጎማ ቱቦ። በሳምንት አንድ ቀን በንጹሕ ውሃ ወንበሩን ማጠብ፣ በተለይ መገጣጠሚያውን፣ ጨው ሳይከማች። የሚከራየው ቤት ስለሆነ እንግዳ በተቀየረ ቁጥር አንሶላ የምትቀይረዋ ልጅ ወንበሩንም ውሃ ታስነካው። አንተ ከሐዋሳ አንድ ነገር መላክ ካለብህ የሲዳማ ቀርከሃ ሥራ ላክላት፣ ለቤት ውስጥ፣ መብራት መሸፈኛ ምናምን። ደጅ ካዋለችው ግን እኔ የለሁበትም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከአያቴ የወረስኩት የጠፍር ወንበር አለኝ፣ የምናከራየው ቤት በረንዳ ላይ ባደርገው እንግዳ የሚወደው ይመስለኛል። ይሆናል? (የታቦር ጎረቤት)

መልስ፦ ይወደዋል፣ ፎቶም ይነሣበታል፣ ግን ዝናብ የማይደርስበት የውስጠኛው ግድግዳ ጋር ካልሆነ አይሆንም። ጠፍር ጥሬ ቆዳ ነው፣ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሰው እላዩ ላይ እንዳለ ሲለጠጥ ደግሞ እዛው ቅርጽ ላይ ይደርቃል፣ መቀመጫው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ይቀራል። አንዴ ረጥቦብሽ ከሆነ ማንም ሳይቀመጥበት ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ካወጣሽው ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል። ግቢሽ ውስጥ ውሻ ካለ ደሞ ጨርሶ እንዳታስቢው፣ የኔው ውሻ አንድ ሌሊት ሁለት ረድፍ በልቶ ጠዋት ጭራውን እየቆላ ነው የተቀበለኝ።